ስሙን ማወቅና ማብቀሉን ማወቅ
ስለ የሄብ ተክል አለያየትና አተካከል በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ብዙ ስላልታወቀ አንድ የሐሩር ክልል ተክል እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ የተክሉን ምርጫ ለእኔ ትተውልኝ ነበርና ብዙም ሳላመነታ የሄብን መረጥሁ። ከእናንተ መካከል ስሙን የሰማ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬውን የቀመሰ ግን ጥቂት፣ ዘርቶ ያበቀለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔም ብሆን ያበቀልሁት ከብዙ ስሕተት በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ቃል ተሳስቶ የተማረ ሰው ምስክርነት ተደርጎ ቢወሰድልኝ ደስ ይለኛል።

የሄብ ሳይንሳዊ ስም ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ግን ተክሉ በተፈጥሮ መኖሪያው ላይ እየመነመነ ሄደ እንጂ እንደ ሌሎች የፍሬ ተክሎች በሰው እጅ ተተክሎ አልተስፋፋም። ምክንያቱን ስንመረምር ጥፋቱ ከተክሉ ጠባይ ይልቅ በእኛ አሠራር ላይ እንደሚበዛ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። የሄብ በተፈጥሮ የሚበቅለው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። በእኛ በኩል በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በተለይም ቀድሞ ዋርዴር ይባል በነበረው በዶሎ ዞን ይገኛል፤ ከድንበሩ ማዶም በሶማሊያ ቀያይ አሸዋማ ሜዳዎች ላይ አለ። አገሩ ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከአንድ ሺህ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የዓመቱ ዝናብ በአብዛኛው ከ250 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እርሱም ጉ እና ደይር በሚባሉት ሁለት ወቅቶች ተከፍሎ ይወርዳል። በደይርና በጉ መካከል ያለው ጂላል የተባለው ረጅም ደረቅ ወቅት ሲገባ ሣሩ ይከስማል፤ አብዛኛው ቁጥቋጦም ቅጠሉን ያራግፋል። በዚያን ጊዜ በሜዳው ላይ ለምለም ሆኖ ከሚታየው ጥቂት ነገር አንዱ የሄብ ነው። ግመሉም ፍየሉም ወደ እርሱ የሚያዘነብለው ስለዚህ ነው።

የተክሉን ናሙና መርምሮ በሳይንስ መጽሔት ያስተዋወቀው የእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት አትክልት ሥፍራ ሊቅ ዊሊያም ቦቲንግ ሄምስሊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1907 ነው። ያወጣለት ስም ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሶማሌላንድ አስተዳዳሪ ለነበረው ለኮርዶ መታሰቢያ የተሰጠ ነው፤ ሁለተኛው «የሚበላ» ማለት ነው። ተክሉ የአተርና የባቄላ ዘመድ ቢሆንም፣ በወገኑ ውስጥ ሌላ ዝርያ የሌለው ብቸኛ ነው። ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ስንዴ ቢታመም የዱር ዘመዶቹን ፈልገን እናዳቅለዋለን፤ የሄብ ከጠፋ ግን የሚተካው ወንድም የለውም።

አሁን ወደ አለያየቱ ልለፍ። የሄብ ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ተመችቶት ከብት ካልደረሰበት እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ንዑሳን ቅጠሎች አሉት፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ግን ለብቻው የቆመ ቅጠል አይገኝም። አበባው ቢጫ ነው። ፍሬው ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር በሾለ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በአንዱ ሽፋን ውስጥ አንድ ወይም ሁለት፣ አልፎ አልፎም እስከ አራት ዘር ይኖራል።

እነዚህ ምልክቶች በአበባና በፍሬ ጊዜ ይበቃሉ። አበባም ፍሬም በሌለበት ጊዜ ግን አንድ የማያሳስት ምልክት አለ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብትመለከቱ በጀርባው ላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። በጣታችሁ ብታሹት ጣታችሁ ይቀላል፤ ቀለሙም በቀላሉ አይለቅም። ይህን ቀለም የሚሰጠው ኮርዶክሲያኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ከብረታ ብረት ዓይነቶች ጋር ሲገናኝ አጥብቆ የሚይዝ በመሆኑ ለጨርቅ ማቅለሚያነት ሲያገለግል ኖሯል።

ስለዚሁ ቀለም አንድ የገጠመኝን ላውጋችሁ። በአካባቢው በእንግድነት በተቀመጥሁበት ቤት የፍየል ሥጋ ቀርቦልን ስንበላ፣ አጥንቱ ወደ ብርቱካንማ ያደላ ቀይ መሆኑን አየሁና ሥጋው ያልበሰለ መስሎኝ እጄን ሰበሰብሁ። አስተርጓሚያችን የቤቱን ባለቤት «አዴር» ብሎ፣ ማለትም በአባት ወገን አጎት በሚጠራበት የአክብሮት ቃል ጠርቶ ነገሩን ቢነግራቸው፣ ሽማግሌው ስቀው «ፍየሏ የሄብ በልታ ያደገች ናት፤ አጥንቷ የሚመሰክረው የግጦሿን ደግነት ነው» አሉኝ። እኔ የተክሉን ቅጠል በአጉሊ መነጽር ስመረምር የነበርሁ ሰው፣ ቀለሙ ከቅጠሉ አልፎ እስከ አጥንት እንደሚዘልቅ የተማርሁት ከማዕድ ላይ ነው።

እኒያው አርብቶ አደሮች የሄብን በአንድ ስም ጠርተው አይተዉትም። ሱሌይ እና ሞቅሌይ ብለው በሁለት ይለዩታል፤ መለያቸውም በአንድ ሽፋን ውስጥ የሚገኘው የዘሩ ብዛት፣ መጠኑና ጣፋጭነቱ ነው። በሳይንሱ መዝገብ ላይ ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው። ተክሉን ለማባዛት ለሚያስብ ሰው ግን ይህ ልዩነት ከላቲን ስሙ ይልቅ ይጠቅማል፤ ከየትኛው ቁጥቋጦ ዘር መውሰድ እንዳለበት የሚነግረው እርሱ ነውና። የዕፅዋት ናሙና ስንሰበስብ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን በጥንቃቄ እንጽፋለን፤ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትንና የሚለይበትን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው አባባል ለእኛም የተነገረ ነው።

ስለ ፍሬው ጥቅም በአጭሩ እናገራለሁ። የሄብ ዘር ከመቶው 37 ያህሉ ስታርች፣ 24 ያህሉ ስኳር፣ 13 ያህሉ ፕሮቲን፣ 11 ያህሉ ደግሞ ቅባት ነው። እንደ ባቄላ ባለ ብዙ ፕሮቲን አይደለም፤ ነገር ግን ኃይል ሰጪ፣ ጣፋጭና ከሌላ ምግብ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው የሚበላ ነው። በጥሬውም፣ ተቆልቶም፣ ተቀቅሎም ይበላል። እንጨቱ ጥሩ ማገዶ ነው። ቅጠሉ በደረቅ ወቅት መኖ ይሆናል። እንግዲህ ዝናብ በሚጠፋበት አገር ሰውንም ከብትንም የሚመግብ ቁጥቋጦ ይህ ነው። በዚህም ምክንያት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በምርምር ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ ተወድሷል፤ በኬንያ፣ በእስራኤልና በሌሎችም አገሮች ተሞክሯል። ሆኖም እስካሁን የሰፋ እርሻ አልወጣውም።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የራሴን ስሕተቶች በቅደም ተከተል ብነግራችሁ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ዘሩን ያገኘሁበት መንገድ ነበር። አንድ እፍኝ የማይሞላ የሄብ ፍሬ ከገበያ ገዛሁ። ፍሬው ጤናማ፣ ነቀዝ ያልነካውና ወዙ ያልጠፋ ነበር። በመልካም አሸዋማ አፈር ዘራሁት፤ በጥንቃቄ አጠጣሁት፤ ሳምንታትም ጠበቅሁ። አንድም አልበቀለም። ቆፍሬ ባየው ሁሉም በስብሷል። በማስታወሻዬም ላይ «የመብቀል ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው» ብዬ ጻፍሁ። በሌላ ጊዜ ወደ አካባቢው ስሄድ ይህንኑ ለእኒያ ሽማግሌ ብነግራቸው፣ ፍሬውን ከየት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ከገበያ መሆኑን ስነግራቸው «ልጄ፣ የዘራኸው እኮ ምሳህን ነው!» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሄብ ፍሬ በነቀዝ ቶሎ ስለሚጠቃ፣ ሊከማች ወይም ሊሸጥ የተፈለገው ፍሬ አስቀድሞ ይቆላል ወይም ይቀቀላል። እኔም የሞተ ዘር ዘርቼ ተክሉን ስወቅስ ኖሬያለሁ። በማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁትን ቃል በቀይ ቀለም ሰረዝሁት፤ ገጹን ግን እስከ ዛሬ አልቀደድሁትም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ጊዜን የሚመለከት ነው። በዚህኛው ጊዜ ጥሬውን ዘር ከቁጥቋጦው ሥር አገኘሁ፤ ነገር ግን ሥራ በዝቶብኝ ለወራት አስቀመጥሁት። የሄብ ዘር እንደ ጤፍ ወይም እንደ ገብስ በጎተራ የሚያድር አይደለም። በተለመደው አቀማመጥ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ትኩስ ሆኖ ሲዘራ ግን ብዙው ይበቅላል። ስለዚህ ይህን ተክል ዘሩን በጣሳ አሽጎ በማስቀመጥ ብቻ ማዳን አይቻልም። የሚድነው በቆመ ተክል፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛው ስሕተቴ ምናልባት ከእናንተም ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት ነው። ትኩሱን ዘር በችግኝ ጣቢያ በምንጠቀምበት አጭር የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዘራሁት። በቀለ። ደስታዬም ትልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቡቃያው ጥቂት ቅጠል አውጥቶ የቆመ መሰለ፤ ወር አልፎ ወር ሲመጣ ከፍታው አልጨመረም ለማለት ይቻላል። ሠራተኞቼ «ይህ ተክል አይረባም» አሉ፤ እኔም ልስማማ ተቃርቤ ነበር። ወደ መስክ ወስደን ስንተክለው ደግሞ አብዛኛው ደረቀ። ከሞቱት ከረጢቶች አንዱን ቀድጄ ሥሩን ስመለከት ነገሩ ተገለጠልኝ። ዋናው ሥር ወደ ታች ወርዶ የከረጢቱን መጨረሻ ካገኘ በኋላ፣ መሄጃ አጥቶ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ነበር። ከከረጢቱ አምልጦ ወደ መሬት የገባው ደግሞ ለተከላ ሲነሣ ተቆርጧል።

የሄብ በሕፃንነቱ ጉልበቱን የሚያፈሰው ወደ ታች ነው። ያደገ ቁጥቋጦ ሥር እስከ 3 ሜትር ጥልቀት እንደሚወርድ ታውቋል። ዝናብ በሚቆራረጥበት አሸዋ ላይ የበቀለ ቡቃያ በጂላል እንዳይሞት፣ ቅጠል ከማብዛቱ በፊት እርጥበት ያለበትን አፈር ማግኘት አለበት። እኛ ግን ቡቃያን የምንመዝነው ከመሬት በላይ ባለው ቁመቱ ነው። በመሬት ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን ተክል «ሰነፍ» ብለን መዝግበን፣ ያንኑ ሥራውን በአጭር ከረጢት አፍነን ስንገድለው ቆይተናል።

ከእነዚህ ስሕተቶች በኋላ የደረስሁበትን አሠራር እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዘሩ ሽፋኑ ሲደርቅ ከታወቀ ቁጥቋጦ ተለቅሞ፣ ነቀዝ የበሳው ተለይቶ፣ በተቻለ ፍጥነት መዘራት አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ዝናቡ ሲጀምር በቋሚ ቦታው ላይ በቀጥታ መዝራት ነው። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ወይም ሦስት ዘር ቢጣል፣ አንዱ ቢከስር ሌላው ይተካዋል። ችግኝ ማፍላት ግድ ከሆነ መያዣው ጠባብ ቢሆንም ጥልቅ ይሁን፤ ታቹም ክፍት ይሁን፤ ቡቃያው ሥሩ ታች ከመድረሱ በፊት ይተከል። አፈሩ አሸዋማና ውሃ የማይተኛበት መሆን አለበት፤ አዘውትሮ ማጠጣት ከመጥቀም ይልቅ ያበሰብሳል። ብርድና ውርጭ አይችልምና በደጋ መሞከሩ ድካም ነው። ከሁሉ በላይ ቦታው ከፍየል መታጠር አለበት፤ ለምለም ቅጠል በጠፋበት ወቅት አንዲት ፍየል የዓመት ልፋትን በአንድ ቀን ትጨርሳለች። በቅርንጫፍ ቁራጭ ለማራባትም ሞክሬ አልሠመረልኝም፤ ሌላ ባልደረባ ቢሳካለት ከእርሱ ለመማር ዝግጁ ነኝ። ፍሬ ለማየት ደግሞ ዓመታት መታገሥ ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

እስካሁን የተናገርሁት የሙያ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከዚያ ይከብዳል። የሄብ ዛሬ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዕፅዋት ተርታ ተመዝግቧል። ግጦሹ በዝቶበታል፤ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይቆረጣል። በቀድሞው ጊዜ የሐውድ ሜዳ በደረቁ ወቅት ውሃ ስለማይገኝበት መንጋው ወደ ቋሚ ጉድጓዶቹ ይመለስ ነበር፤ ቁጥቋጦውም በዚያ ጊዜ ያርፍ ነበር። ቢርካ የሚባሉት በሲሚንቶ የተሠሩ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ከተስፋፉ ወዲህ ግን መንጋው በሜዳው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ቢርካው ሰውን ከጥም አድኗል፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። የተክሉን የዕረፍት ጊዜ ግን አሳጥሮታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዘሩ ራሱ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የአካባቢው ሕዝብ የደረሰበትን መከራ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ጊዜ መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ ያገኘውን ፍሬ ሁሉ ለቅሞ ቢበላ ምን ይደንቃል? መሬት ላይ ወድቆ የሚበቅል ዘር ካልቀረ ደግሞ ያረጀውን ቁጥቋጦ የሚተካ ቡቃያ አይኖርም። እናት ለልጇ የምታጎርሰውን ፍሬ «ለዘር ተዪው» ለማለት የሚደፍር ባለሙያ ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

ስለዚህ የምንዘራውን ዘር ከተራበ ሰው አፍ ላይ መውሰድ ሳይሆን ከሚበላበት ዋጋ በበለጠ ዋጋ መግዛት አለብን። አንድ ኪሎ ትኩስና ያልተቆላ ዘር ለለቃሚው ከአንድ ኪሎ በላይ እህል የሚያስገኝለት ከሆነ፣ ዘሩን ለማቆየት ሌላ ስብከት አያስፈልግም። ይህም የሚደረገው በደህናው ዓመት እንጂ ረሃብ ከገባ በኋላ መሆን የለበትም። የሚከለለውንም መሬት እኛ በካርታ ላይ መርጠን ብናጥረው አጥሩ አንድ ጂላል አይዘልቅም። ቦታውንና የዕረፍቱን ወቅት ሽማግሌዎቹ በሕጋቸው መክረው ከወሰኑት ግን ያለ ሽቦም ሊከበር ይችላል። የማኅበራችን ድርሻ ትኩስ ዘር በጊዜው እንዲደርስ፣ ጥልቅ መያዣ እንዲዘጋጅ፣ ሱሌይና ሞቅሌይ ለየብቻ ተመዝግበው ቢያንስ በሁለት ሦስት ተራራቂ ቦታዎች እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ባለፈው ጊዜ ወደዚያ በሄድሁ ወቅት፣ እኒያ ሽማግሌ በቤታቸው አጠገብ በእሾህ አጥር ወደ ተከለለች ትንሽ ቦታ ወሰዱኝ። በውስጧ አንድ ላይ የዘራናቸው ጥቂት የሄብ ቡቃያዎች ነበሩ። ቁመታቸው ከእጄ ስንዝር ብዙ አይበልጥም። እኔ ከልማዴ የተነሣ መለኪያዬን ሳወጣ፣ ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «ያለው እዚህ ታች ነው፤ አንተ የምትለካው የት ነው?» አሉኝ። መለኪያዬን መልሼ ኪሴ ከተትሁ።

እነዚያ ቡቃያዎች ፍሬ ሲሰጡ እኒያ ሽማግሌ ይኑሩ አይኑሩ ፈጣሪ ያውቃል። እርሳቸው ግን በየማለዳው አጥሩን ይጠግናሉ። በሚቀጥሉት ዓመታት ከእኔ የተሻለ ዕውቀት ያላችሁ ወጣት ባልደረቦች በዚህ መድረክ ላይ ቆማችሁ ስለ የሄብ ስትናገሩ፣ የእኔን ስሕተቶች ሳትደግሙ አዲስ ስሕተት እንድትሠሩና እርሱንም ሳትደብቁ እንድትነግሩን እመኛለሁ።